በወንድሜ ካርታ ከደሴ እስከ ደጋን

ሰው ዱባይ ደርሶ ሲመለስ ያየውን ይጽፋል። እኔ ደርሼ የተመለስኩት ደጋን ነው። ከደሴ በመኪና የተነሳ ሰው፣ ረዳቱ ተሳፋሪ ፍለጋ በየመንደሩ ካልቆመ በቀር፣ ደጋን ቁርሱን በልቶ ለምሳ ቤቱ ይገባል። እኛ ሦስት ቀን ፈጀብን። በብስክሌት ሄደን ነው። እናቴ «መኪና ጠፍቶ ነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እስካሁን የሚረባ መልስ አላገኘሁላትም።

ይህን የምጽፈው በዚያ መንገድ በብስክሌት ለማይሄድ ሰው ነው፤ ማለትም ለሁሉም ሰው።

ደሴ ላይ የብስክሌት ማኅበር አለ ሲባል የማያምን ብዙ ነው። አይፈረድባቸውም። ደሴ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ከሚነዳው ብስክሌት የሚገፋው ይበልጣል። እኛ ግን ማኅበር አለን። ስብሰባ እናደርጋለን፣ ቃለ ጉባኤ እንይዛለን፣ አልፎ አልፎም እንነዳለን።

ካርታውን ይሠራልን የነበረው ታላቅ ወንድሜ ጀማል ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር ወረቀቱም ማሽኑም እጁ ላይ ነበር። መንገዱን ከስልክ እያየ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ይስላል። ቀጥሎ በጥቁር ስክሪብቶ ያደምቀዋል፤ ሰማያዊ ቀለም ኮፒ ሲደረግ ይደበዝዛል። ከዚያ የመንገዱን ነገር ይጽፍበታል፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ጎማ የሚለጥፍ ሰው፣ ተናካሽ ውሻ፣ ውሃ። ገጹ ለአራት ታጥፎ ላስቲክ ውስጥ ይገባና ብስክሌቱ መሪ ላይ ይታሰራል። አንዱን ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል፤ የሌላ አገር ሰው አውርዶና አትሞ ይሄድበታል። ስልካችሁ ላይ ካርታ የለም ወይ ለሚል፣ አለ። ኔትወርክ ሲጠፋበት ሐረጎ ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ፒያሳ ነህ ይልሃል። «የጀማል ካርታ አይዋሽም» ይባል ነበር በማኅበሩ።

ዋሽቷል። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ጉዞውን ከመጀመሬ በፊት ይህን ልናገር።

ጀማል ታመመ። ጉበቱ ነው አሉን። የመጨረሻውን ካርታ የሠራው ተኝቶ ነው። መንገዱን ሄዶ ማየት ስላልቻለ ሊጠይቁት የሚመጡትን ሰዎች ይመረምር ጀመር። በእኛ ሰፈር ሰው ሲታመም ጠያቂ አይቋረጥም። ጠያቂው ብርቱካኑን አስቀምጦ «አብሽር፣ አላህ ያሽርህ» ይላል። ጀማል ደግሞ «አሚን። ኮምቦልቻን ስትወጣ በግራ በኩል ምን አለ?» ይለዋል። ሁሉም የሚያውቀውን ተናገረ። ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ እስከ ደጋን ድረስ ያሉትን ሥጋ ቤቶች ቆጠረለት። የመስጊዳችን ሙአዚን መስጊዶቹን ተናገረ። አክስታችን የምታውቀው የወዳጆቿን ቤት ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ካርታው ላይ ከመንገዱ ይልቅ ሥጋ ቤቱ በዛ።

እኔ ጸሐፊው ነበርኩ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እሱ ይናገራል፣ እኔ እስላለሁ። በመጨረሻ የቀረን ደጋን ከመድረሱ በፊት ያለው ረጅም ዳገት ነው። እዚያ ላይ ውሃ ይኑር አይኑር የሚያውቅ ጠያቂ አልመጣም። ጀማል ሕግ ነበረው፤ ውሃ በሌለው ዳገት ሰው አልሰድም ይል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ዳገት ሲያነሳና ሲጥል እንቅልፍ አልወሰደውም። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በዚያ መንገድ የሚመላለስ የአንድ አይሱዙ ሾፌር ስልክ ሰጠኝና «ደውልና ጠይቀው» አለኝ።

ወደ ደጅ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ አልተነሳም። በረንዳው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ፣ ድምፄ እንዲሰማው። ገባሁና «አለ» አልኩት። «ዳገቱ መሃል፣ በቀኝ በኩል፣ ቧንቧ አለ።»

«በቀኝ?»

«በቀኝ።»

«ጻፈው» አለኝና ተኛ።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እንዲተኛ ፈልጌ ነው። ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ለቅሶው ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ተፈራ ቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ አሁንም ሦስት ሰው አንድ ላይ ካዩ ማሰለፍ ያምራቸዋል። «የጀማልን ካርታ እንነዳዋለን፣ ለመታሰቢያው» አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ውሃው የለም ማለት ነበረብኝ። «እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ

ስድስት ሆነን ከቧንቧ ውሃ ተነሳን። ጭጋግ ነበር። ደሴ ላይ ጭጋግ ነበር ማለት ጠዋት ነበር ማለት ነው። የነዳሁት የጀማልን ብስክሌት ነው። እሱ ይረዝመኛል፤ ወንበሩን ዝቅ ማድረግ ስላልወደድኩ ሦስት ቀን ሙሉ በጣቴ ጫፍ ነዳሁ። ኮርቻው ኋላ ላይ ደግሞ አሥር ሊትር ውሃ በጀሪካን አስሬያለሁ። ዕቅዴ ይህ ነበር። ዳገቱ ላይ ሰው ውሃ ሲያጣ እኔ እሰጣለሁ፣ ነገሩ ሳይነሳ ያልፋል። ከአንድ ውሸት ይልቅ አሥር ሊትር ይቀላል ብዬ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው ኑሬ?» አለችኝ ሰዓዳ። ሰዓዳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ሁሉንም ነገር እንደ ማዘዣ ወረቀት ጠጋ ብላ ነው የምታየው።

«ውሃ።»

«ካርታው ላይ አራት ቦታ ውሃ አለ እኮ። ወንድምህን አታምነውም?»

«አምነዋለሁ» አልኩ። አልዋሸሁም።

ከድር የሚባል አባል አለን፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ወፍራም፣ ነገር አዋቂ። እኛ ያባዛነውን ካርታ ናቀና ከቴሌግራም አውርዶ በቢሮው ማሽን ራሱ አተመ። ወረቀቱ የሠርግ ጥሪ ይመስላል። ማሽኑ ግን ሥዕሉን አሳድጎ ዳር ዳሩን ቆርጦታል። ጀማል ስለዚህ ነገር ሁልጊዜ ያስጠነቅቅ ነበር። «ስታትሙ አታሳድጉ» ብሎ በትልቁ አስጽፎኛል። የተጻፈው ዳር ላይ ስለሆነ እሱም ተቆርጧል።

የሐረጎን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድን ብዙ መናገር አልችልም፤ አብዛኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ፍሬናችን ሸተተ። ከታች የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ጥሩምባ ይነፉልናል፤ ሰላምታ ይሁን ስድብ አልለየሁም። በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ልብስ እናወልቃለን። ደሴ በጃኬት የተነሳ ሰው ኮምቦልቻ በካናቴራ ይገባል። ታች ስንደርስ ስድስታችንም ላብ በላብ ሆነን፣ ጃኬቶቻችንን ወገባችን ላይ አስረን፣ ከጦርነት የተረፍን መሰልን። ከዚያ ከተማ ገብተን፣ ታጥፈን ስንቆጠር አምስት ሆንን።

ጋሽ ተፈራ ለከድር ደወሉለት።

«የት ነህ? ምን ይታይሃል?»

«አህያ።»

«ካርታው ላይ አህያ የለም።»

«የኔ ላይም የለም ጋሽ ተፈራ። እዚህ ግን አለ። ብዙ ነው።»

የምንታጠፍበት ቦታ በተቆረጠው ዳር ላይ ነበር። ከድር ቀጥ ብሎ አህያ ገበያ ገብቷል። ሲመጣ ወረቀቱ አሁንም አንጸባርቆ ነበር።

ኮምቦልቻ ሜዳ ነው። ይህን ያልኩት በቅናት ነው። እዚያ ብስክሌት ማኅበር አያስፈልገውም፤ ሰው ይዞት ሥራ ይሄዳል። የፋብሪካ ሠራተኞች ምሳቸውን ኋላ አስረው፣ አንዳንዱም ሚስቱን ኋላ አስቀምጦ፣ ያለ ሄልሜት፣ እያወሩ ቀደሙን። አንዱ ቀዝቀዝ አለና ከእኔ ጎን ነዳ።

«ሠርግ ነው?» አለኝ።

«ጉዞ ነው።»

«መሪህ ላይ ያሰርከው ምንድን ነው?»

«ካርታ። መንገዱን ያሳያል።»

መንገዱን አየ። እኔን አየኝ። «መንገዱ እኮ ይኸው» አለና ሄደ። መልስ ያጣሁለት ሁለተኛው ሰው ነው፤ የመጀመሪያዋ እናቴ ናት።

ያደርነው ከአክስታችን ወዳጆች አንዷ ዘንድ ነው፤ እማማ ዘሃራ ይባላሉ። ካርታው ላይ «የዘሃራ ቤት፣ አረንጓዴ በር» ተብለው ተጽፈዋል። ጀማልን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም፤ ግን ስለሱ አለቀሱ። ቤታቸው በሕትመት መውጣቱን ሲያዩ ደግሞ እንባቸውን ጠርገው አንዱን ቅጂ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። «አይ ልጅ፣ አላህ ይርሀመው። ጠባዩ ከእጅ ጽሑፉ ያስታውቃል» አሉ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ጀማልም ቢሆን ያን ያህል ጠባይ አልነበረውም፤ አንድ መስመር ካጠመምኩ ኩርኩም ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን የሚያመሰግነው ሰው በዛ፤ እኔም ኩርኩሙን ለማንም አልናገርም።

ለእኛ ሩዝ በሥጋ ቀረበ። ጋሽ ተፈራ ክርስቲያን ስለሆኑ እማማ ዘሃራ አንድ ዶሮ ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ልከው አሳርደው፣ እዚያው አሠርተው አስመጡላቸው። አምስታችን አንድ ትሪ ከበን ስንሻማ፣ ጋሽ ተፈራ ለብቻቸው ከአንድ ሙሉ ዶሮ ጋር ተፋጠጡ። «ይኼ ሁሉ ለኔ ነው?» አሉ። «አስተማሪ አይደሉ?» አሏቸው እማማ ዘሃራ። በአንድ ቤት ሁለት ወጥ ሲሠራ ደሴም እናውቃለን፤ ዶሮ እንግዳውን ፍለጋ ጎረቤት ሲሄድ ግን ኮምቦልቻ አየሁ።

እሁድ

ጠዋት ብስክሌቴ ኋላ ላይ ጀሪካኑ የለም። በምትኩ በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ዳቦ ታስሯል።

«እማማ፣ ውሃዬስ?»

«አትክልቱን አጠጣሁበት የኔ ጌታ። የቆየ ውሃ ነው። ደግሞ ከቤቴ የወጣ እንግዳ ውሃ ተሸክሞ ሲሄድ ሰው ምን ይላል? መንገዱ ላይ ሞልቷል አይደል?» አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ በጣታቸው ነኩ። ጣታቸው ያረፈው ቧንቧዬ ላይ ነው።

እንደገና ልሙላ ማለት እችል ነበር። ዳቦውን ፈትቼ ጀሪካኑን ማሰር ማለት ነው። በለቅሶ ላይ ያለ ልጅ የሰጡትን ዳቦ አውርዶ ውሃ ጫነ ከሚባል የፈለገው ይምጣ ብዬ ተነሳሁ።

ከዳገቱ ሥር አንዲት ሱቅ አለች፤ ቆርቆሮ፣ ብስኩት፣ ውሃ። ጋሽ ተፈራ ሁላችንንም አሰለፉንና ካርታውን አነበቡ። «ኮዳችሁን አትሙሉ። ዳገት ላይ ክብደት ነው። መሃሉ ላይ፣ በቀኝ፣ ቧንቧ አለ። ጀማል ጽፎታል።»

ይህ ነው ጊዜው አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ። ትንኝ ገባችበት። ተፋኋትና ዘጋሁት።

ስለ ዳገቱ፦ ረጅም ነው። ፀሐዩ ከላይ፣ አስፋልቱ ከታች። ደሴ ሰው ፀሐይ ሲያይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እዚያ ሰው ፀሐይ ሲያይ ይሸሻል። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሁሉም ወርዶ ቧንቧ ፍለጋ ገባ። አየኋቸው። ቁልቋል ውስጥ ገቡ፣ ድንጋይ ገለበጡ፣ አንዱ ጆሮውን መሬት ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከድር «ካርታውን ገልብጦ ለያዘ ሰው ቀኙ ግራ ነው» ብሎ በግራ በኩልም ተፈለገ። እኔም አብሬ ፈለግሁ። ከሁሉም ይልቅ ተግቼ የፈለግሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ከድር ተቀመጠ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሰዓዳ «ከድር፣ አናግረኝ» አለችው። ዝም አለ። ከድር ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ፈራሁ። ፈርቼም አልተናገርኩም፤ እንዳልተናገርኩ ይጻፍልኝ።

ከላይ በኩል አንድ ሽማግሌ አዩንና ከቤታቸው ጀሪካን ይዘው ወረዱ። ሸህ አደም ይባላሉ። ለከድር ትንሽ ትንሽ እያሉ አጠጡት፣ ራሱ ላይ አፈሰሱለት። ሲሻለው የመጀመሪያ ቃሉ «ጋሽ ተፈራ፣ ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» የሚል ነበር። ሁሉም ሳቀ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው ቁልቋሌን የረገጣችሁት?» አሉ ሸህ አደም።

ጋሽ ተፈራ ካርታውን አሳዩአቸው። «እዚህ ቧንቧ አለ ይላል። የሠራው ልጅ ጠንቃቃ ነበር። ሞተብን። ይኼ ታናሽ ወንድሙ ነው።»

ሸህ አደም ወረቀቱን አዩ። እኔን አዩኝ። «አላህ ይርሀመው» አሉ። ወረቀቱን መለሱላቸውና «አዎ፣ ነበር» አሉ።

«ቧንቧ?»

«ቧንቧ። ኧረ ደህና ቧንቧ ነበር። ደረቀ። ቆየ።»

«አላልኩም?» አሉ ጋሽ ተፈራ። ፊታቸው በራ። «የጀማል ካርታ አይዋሽም።»

እኔ ሸህ አደምን አፍጥጬ አየኋቸው። በረንዳችን ላይ የወለድኩት ቧንቧ፣ ገና ጥርስ ሳያወጣ፣ አርጅቶ ደርቋል። የዓይን ምስክርም አለው።

ደጋን ያደርነው አንድ አልጋ ቤት ነው። ባለቤቱ ታሪካችንን ሲሰማ ነፋስ የሚገባበትን ክፍል ሰጠን። ራቱ የማሽላ እንጀራ ነበር፤ ከእኛ ጤፍ ጠንከር ይላል፣ ግን ለተራበ ሰው ይህ ወሬ ነው። ከድር «ዛሬ የጠፋብኝን ውሃ ልተካ» ብሎ የግመል ወተት በትልቅ ጣሳ ጠጣ። ባለቤቱ ለለመደ ሰው ነው ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። ያልለመደ ሰው ምን እንደሚሆን ከድር እየተመላለሰ አሳየን።

እሱ በመሃል በመሃል ሲመለስ ስለ ጀማል ይወራል። ታሞም እንኳ ቧንቧውን አልረሳውም ተባለ። ደርቆ ከሆነ የመንግሥት ነው ጥፋቱ፣ እሱ ምን ያድርግ ተባለ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ቢሰድቡት ይሻለኝ ነበር፤ ይቅርታውን ማን ይቻለው። ጋሽ ተፈራ ደግሞ በወሬ መሃል ብስክሌት የሚነዱ የወልዲያ ልጆች ካርታውን ከቴሌግራም አውርደው እንዳተሙና በሚመጣው ሳምንት በዚሁ መንገድ እንደሚመጡ ነገሩን።

ሰኞ

ቁርስ ላይ ከድር አንድ ወረቀት አወጣ። ወገቡን ይዞ ነው የተቀመጠው፣ ግን ደስ ብሎታል። ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጽፏል። ቆሞ አነበበው። «ለረጅም ዘመን መንገደኛውን ሲያገለግል ቆይቶ በብልሽት ምክንያት አገልግሎት ያቋረጠው ቧንቧ ተጠግኖ፣ በሟች ወንድማችን ስም እንዲሰየም በማክበር እንጠይቃለን።» አጨበጨቡለት። አልጋ ቤቱ ባለቤትም ልፈርም አለ።

«መጀመሪያ ቤተሰብ» አሉ ጋሽ ተፈራና ስክሪብቶውን ሰጡኝ።

ያዝኩት። ስሜን አልጻፍኩም።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ምነው?»

«ቧንቧው የለም።»

«እሱማ የለም፤ ለዚህ አይደል የምንጽፈው» አለ ከድር።

«ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ጀማል ደውል አለኝ… ሾፌሩ አላነሳም… አለ አልኩት። እንዲተኛ።»

ሰዓዳ እጄን ያዘችና የልብ ትርታዬን ቆጠረች። «ትናንት ፀሐይ መቶታል» አለች ለሌሎቹ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ተፈራ በለሆሳስ፣ «ሸህ አደም በዓይናቸው አይተውታል።»

«ሸህ አደም ደግ ሰው ናቸው።»

«ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» አለ ባለቤቱ። ሌላ ሻይ አመጣልኝ፣ ስኳር የበዛበት። ስዋሽ ወዲያው የታመንኩ ሰው እውነት ስናገር ስኳር ተሰጠኝ።

ማመልከቻው ሳይፈረም ቀረ። ስንመለስ ዳገቱ ቁልቁለት ሆኗል። መሃሉ ላይ ጋሽ ተፈራ እጃቸውን አንስተው አስቆሙንና ወደ ሸህ አደም ቤት ወጣን። ሸህ አደም በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ሸህ አደም፣ በአላህ ይዤዎታለሁ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «እዚህ ቧንቧ ነበር?»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ መሬቱን በበትራቸው ጫሩ። «በአላህ ከያዝከኝማ አልነበረም።»

«ታዲያ ትናንት?»

«ትናንት የሞተ ሰው ነው የጻፈው አላችሁኝ። የሞተን ሰው ወንድሙ ፊት ሐሰተኛ ላድርገው?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ ሸህ» አልኩ።

«አንተ ነህ?» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በሕይወት ያለ ሰው መሆኑን ብታሳውቁኝ ትናንትናውኑ እናገር ነበር።»

ከድር ወደ እኔ ዞረ። «እና ትናንት ልሞት የነበረው ባንተ ቧንቧ ነው?»

«በእኔ።»

«ማመልከቻዬስ? እንዲህ ያለ አማርኛ ሁልጊዜ አይመጣልኝም።» ከዚያ ለሸህ አደም «እንግዲያው የእርስዎን ቤት እንጻፈው፤ ውሃ አለ ብለን» አላቸው።

«አይሆንም» አሉ ሸህ አደም። «ያንን ጀሪካን ልጄ ከወንዝ በአህያ ነው የምታመጣው። ተጠምቶ የመጣውን አጠጣለሁ። ተጽፎለት የመጣ ግን እንግዳ አይደለም።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋሽ ተፈራ ከጎኔ ሆነው ነዱ። ሱቋ ጋ ስንደርስ ብስክሌታቸውን አቆሙና ሌሎቹን ቀድመው እንዲሄዱ ምልክት ሰጧቸው።

«ወንድምህን ለማስተኛት ዋሸህ። እሺ። እኔም ብሆን አላውቅም» አሉ። «ትናንት እዚህ ቆመን ኮዳችሁን አትሙሉ ስል ግን ሰምተኸኛል። ትናንት ማንን ለማስተኛት ነው?»

መልስ የለኝም አልኩ። ይህኛው ግን መልስ ያጣሁለት ሦስተኛው ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን አውቀው ነበር። ራሴን ነው።

«ከድር ሦስት ልጆች አሉት» አሉ።

«አውቃለሁ።»

ሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ተፈራ ካርታውን ከላስቲኩ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ተማሪው ራሱ እስኪያገኘው ይጠብቃሉ።

«ያን ቀን ገብተህ ‹አላውቅም፣ አልተነሳም› ብትለው ኖሮ ጀማል ምን ይል ነበር?»

አሰብኩ። አስቤም አላበቃሁ፤ ድምፁ ራሱ መጣ። «‹እንግዲያው ከታች ይሙሉ ብለህ ጻፍ› ይል ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ይተኛ ነበር።»

አንድ መስመር ነበረች። እሱ አይቶት የማያውቀውን ዳገት ከአልጋው ላይ ሆኖ በአንድ መስመር ያስተካክለው ነበር። እኔ ነኝ ለእሱ ያሰብኩለት። የታመመ ሰው አላውቅም የሚለውን ቃል አይችለውም ብዬ። ጀማል ግን ሕይወቱን ሙሉ ሲሠራ የኖረው በዚህ ቃል ነው፤ የማያውቀውን ይጠይቃል፣ ካልተገኘ እንደማይታወቅ ይጽፋል። ኩርኩሙም ለዚህ ነበር።

ጋሽ ተፈራ ስክሪብቶ ሰጡኝ። ቧንቧውን ሰረዝኩ። ሱቋ ጋ «ሁለት ኮዳ ከዚህ ሙሉ፤ ከዚህ በላይ እስከ ደጋን ውሃ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ኮምቦልቻ ላይ ሌሎቹን ስንደርስባቸው የስድስታችንንም አረምኩ። የከድር ላይ ለመጻፍ ቦታ አልነበረም፤ ያ ዳር ተቆርጧል።

ከኮምቦልቻ ደሴ ብስክሌቶቹን አይሱዙ ላይ ጭነን ወጣን። ማኅበራችን ሐረጎን ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ ይህን በየትኛውም ቃለ ጉባኤ አታገኙትም። ስንደርስ ደሴ ይበርድ ነበር፤ ጃኬቶቻችንን መልሰን ለበስን። እናቴ «ዳገቱ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ለእሷም ነገርኳት። «ተኝቶ ነበር አይደል?» አለች። «ተኝቶ ነበር» አልኳት።

ማክሰኞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩና የታረመውን ካርታ አሳትሜ ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁት። አሮጌውን መመለስ አይቻልም፤ በስንት ሰው ስልክ እንዳለ፣ በስንት ግድግዳ እንደተለጠፈ አላውቅም። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «ካርታውን የሠራው ጀማል ነው። በፊት በተለቀቀው ላይ ዳገቱ መሃል ያለው ቧንቧ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። እሱ አልተሳሳተም። ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኑረዲን። ያተማችሁ እባካችሁ ቅደዱት። ውሃ ከታች ካለችው ሱቅ ሙሉ።»

መልስ ይጎርፍ ጀመር። አብሽር፣ ነፍሱን ይማረው፣ አላህ ያጽናህ፣ አበባ፣ የተጣመሩ እጆች። ስለ ውሃው የተናገረ የለም። በሐዘን ላይ ያለ ሰው የጻፈውን ማን ያነበዋል። ስልኩን ላስቀምጥ ስል ከወልዲያ ልጆች አንዱ፣ ጀማልንም እኔንም የማያውቅ፣ ጻፈልኝ።

«ሱቋ ስንት ሰዓት ትከፈታለች? እኛ በጠዋት ነው የምናልፈው።»

ሁለት ሰዓት ብዬ ልጽፍ ጣቴ ሄዶ ነበር። ሱቅ ሁሉ በሁለት ሰዓት አይደል የሚከፈተው።

«አላውቅም» ብዬ ጻፍኩለት። «ጠይቄ እነግርሃለሁ።»